ስንጥቅ በጣውላ አይፈወስም

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለፍርድ አደባባይ ብቻ የተነገረ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ምሳሌው ከዳኛው ይልቅ ቤት ለሚሠራና ቤት ለሚያሠራ ሰው የሚስማማ ነው። ብዙ ጊዜ የቤት ችግር የሚታየው ከላይ፥ የሚወለደው ግን ከሥር ነውና።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው ያሰብነው ጉዳይም ከእግራችን በታች ያለ ነው። ይኸውም ተሰንጥቆና ጎርብጦ የተገኘውን የሲሚንቶ ወለል ጠግኖና አስተካክሎ የእንጨት ወለል ስለ ማንጠፍ ነው። ጉዳዩ ለግንበኛና ለአናጢ ብቻ የሚተው አይደለም። ዛሬ በትምህርት ገበታ ያለው ተማሪ ነገ ርእሰ መምህር፥ የጤና ጣቢያ ኀላፊ ወይም የመሥሪያ ቤት ሹም ሲሆን፥ «ወለሉ ይታደስ» በሚል ወረቀት ላይ ፊርማውን ማኖሩ አይቀርም። የሚፈርመውም በሕዝብ ገንዘብ ላይ ነው። ስለዚህ የሚፈርምበትን ነገር ዐውቆ እንዲፈርም በማሰብ፥ ነገሩን ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ አየርና አፈር ጋር እያገናዘብን እንመለከተዋለን።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ራስ ጉግሣ ቈረቈሯት፤ ዐፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ.ም.) መናገሻቸው አደረጓት፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተሠራባት ጋፋትም በአጠገቧ ናት። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ ነው። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራ የክረምቱን ውኃ ሰብስበው፥ በፎገራ ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ይህን ሁሉ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብበት፥ በጋው በቀን ፀሐዩ የሚያቃጥልበት፥ በሌሊት ቁሩ አጥንት የሚሰብርበት አገር ላይ የሚሠራ ወለል የአገሩን ጠባይ ካላወቁለት አይበረክትም።

ወለሉ ስለ ምን ይሰነጠቃል?

ብዙ ሰው ሲሚንቶ እንደ ጭቃ በመድረቅ የሚጠነክር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለው እንግሊዛዊ በ1824 እ.ኤ.አ. «ፖርትላንድ» ብሎ ካስመዘገበው ሲሚንቶ ስሙን የወረሰው የዛሬው ሲሚንቶ፥ የሚጠነክረው ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ነው። ውኃ ቶሎ ያጣ ሲሚንቶ ይደርቃል እንጂ አይጠነክርም።

በሌላ በኩል ደግሞ ውኃ ሲበዛበት ጉዳት አለው። ከ50 ኪሎ ሲሚንቶ ጋር በእውነት የሚዋሐደው ውኃ ከ12 እስከ 13 ሊትር ገደማ ነው። ለማቡካት እንዲመች ግን እስከ 25 ሊትር ይጨመርበታል፤ ቸኳይ ሠራተኛ ደግሞ ከዚያም አሳልፎ ይጨምራል። ትርፉ ውኃ ቀስ በቀስ ተንኖ ሲወጣ ወለሉ ይኰማተራል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ወለል እስከ 5 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊያጥር ይችላል። ከበታቹ ያለው ድንጋይና አፈር ደግሞ ይዞት እንደ ልቡ አያሳጥረውም። በዚህ ጊዜ ወለሉ ሌላ መውጫ የለውምና ይሰነጠቃል። በ3 ሜትር፥ በ3 ሜትር ርቀት ቀጥ ያለ መለያ መሥመር ቢደረግለት ኖሮ ስንጥቁ በመሥመሩ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀር ነበር፤ መለያ ያልተደረገለት ወለል ግን ራሱ በፈለገው አቅጣጫ መሥመሩን ያወጣል።

የደጋው አየር ይህን ያባብሰዋል። በጥርና በየካቲት እኩለ ቀን ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ በብርቱው ፀሐይና በደረቁ ነፋስ ገጽታው ገና ሳይጠነክር ውኃውን ያጣል። ሌሊት ደግሞ ቁሩ የሲሚንቶውን ሥራ ያዘገየዋል። ከዚህ የተነሣ በማግስቱ ጠዋት እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ይታያል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከመሬቱ የሚመጣው ነው። በፎገራ ሜዳና በደጋውም ውኃ በሚተኛበት ረባዳ ቦታ ያለው ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ያወጣል። ቤት ቢሠራበት ቤቱን ያነሣዋል፤ ያወርደዋልም። በተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ከዚህ ይሻላል። ይሁን እንጂ በተዳፋት ላይ ቤት ሲሠራ ከላይ ተቈርጦ ከታች የሚሞላው አፈር በደንብ ካልተደበደበ፥ ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ይሰምጥና ወለሉን ባዶ አየር ላይ ጥሎት ይቀራል።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ሰው እንግዳ ዕውቀት አይደለም። የጭቃ ቤት የሚሠራ ገበሬ የመጀመሪያውን ምርጊት መርጎ ወዲያው አይለስነውም። ደርቆ እስኪሰነጠቅ ይጠብቀዋል፤ መሰንጠቁን ሲጨርስ ሁለተኛውን ጭቃ፥ ጭዱ የደቀቀውንና የላመውን፥ ስንጥቁ ውስጥ እያስገባ ይለስነዋል። እናቶቻችንም ወለሉን በእበት ሲለቀልቁ በየጊዜው እየደጋገሙ ነው እንጂ በአንድ ቀን አወፍረው አይጨርሱትም። የሲሚንቶ ጥበብ ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም፤ ስንጥቁ መሰንጠቁን ሳይጨርስ የሚደረግ ጥገና ከንቱ ነው።

ስንጥቁን መመርመር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፥ በስንጥቅ ላይ ጣውላ ማንጠፍ በሽታን መደበቅ ነው። ከመሬት የሚነሣው እርጥበት በስንጥቁ በኩል፥ ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ፥ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። ጣውላው ከታች በኩል ውኃ ሲጠጣ ከላይ ደረቅ ስለ ሆነ ጠርዙ ተነሥቶ መካከሉ ይጎደጉዳል። ምስማሩ ይዝጋል፤ ክፍሉ የሻገተ ሽታ ይሸታል፤ ጣውላው ይበሰብሳል። በሕፃናት መማሪያ ክፍል ውስጥ እንደ ሆነ ደግሞ የተነሣው ጠርዝ እግር ይጥላል። እንግዲህ የወጣው ገንዘብ ጠፍቶ፥ ጣውላውን ለመንቀል ሌላ ገንዘብ፥ በመጀመሪያ ይደረግ የነበረውን ጥገና ለማድረግ ደግሞ ሦስተኛ ገንዘብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ አስቀድሞ ስንጥቁን መጠየቅ ይገባል። የሚጠየቀውም ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ምን ያህል ይሰፋል? ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ፥ ጥፍር የማያስገባ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከመኰማተር የመጣ ነውና አያስፈራም። ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፋው ግን ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል።

ሁለተኛ፥ በግራና በቀኙ ያለው ወለል እኩል ነው ወይስ አንዱ ዝቅ ብሏል? ቀጥ ያለ ብረት ወይም ጣውላ በስንጥቁ ላይ አጋድሞ ማየት ነው። አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ ከተገኘ መሬቱ ከሥሩ ሸሽቶታል ማለት ነው።

ሦስተኛ፥ አሁንም ይንቀሳቀሳል ወይስ አርፏል? ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ምልክት አድርጎ፥ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክቶ፥ ልኩን ከነቀኑ እዚያው ግድግዳው ላይ መጻፍ ነው። ከዚያ በየወሩ እየለኩ መመዝገብ። በነሐሴና በጥር የተለካው ልዩነት ከሌለው ስንጥቁ አርፏል። ልዩነት ካለው ግን ከሥሩ ያለው አፈር በክረምትና በበጋ እየተነፈሰ ነው።

ከዚህም በቀር ወለሉን ከዳር እስከ ዳር በመዶሻ ቀስ እያደረጉ መምታት ይጠቅማል። ጠንካራው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፥ ከሥሩ የተላቀቀው እንደ ባዶ እንስራ ይጮኻል። የጮኸውን ቦታ በጠመኔ ከብቦ ማመልከት ነው።

ጥገናው ከደጅ ይጀምራል

የወለል ጥገና ከቤቱ ውስጥ የሚጀመር የሚመስለው ብዙ ነው። በዶማና በአካፋ ከደጅ የሚደረገው ሥራ ግን ከሁሉ ርካሽ ሆኖ ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣል። ጣራው አሸንዳ ከሌለው የክረምቱ ውኃ ሁሉ ከግድግዳው ሥር ይፈስሳል። ለምሳሌ ያህል 100 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ፥ 20 ሚሊ ሜትር ዝናም በጣለበት አንድ ቀን 2,000 ሊትር ውኃ ያፈስሳል። ይህም ዐሥር በርሜል ውኃ በመሠረቱ ላይ እንደ መገልበጥ ያህል ነው።

ስለዚህ አሸንዳ ይደረግ፤ የተሰበረው ይጠገን፤ በላይኛው በኩል ያለው ተዳፋት ውኃውን ወደ ቤቱ የሚነዳ እንደ ሆነ ቦይ ተቈፍሮ ውኃው በጎን ይዙር፤ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬትም ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይደረግ። ይህ ሳይሆን በውስጥ የሚደረግ ጥገና፥ ጣራው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ፥ ወለሉም የሰመጠ ሆኖ ሲገኝ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ በእንዲህ ያለ ወለል ላይ ልስን መጨመር ገንዘብ መጣል ነው። የሰመጠው ክፍል ፈርሶ፥ ዋልካው ወጥቶ፥ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር፥ በ20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እየተሞላና እየተደበደበ፥ በላዩ ድንጋይ ተነጥፎ፥ እርጥበት የሚከለክል ወፍራም ላስቲክ ተዘርግቶ፥ ፌሮ የገባበት የ10 ሴንቲ ሜትር አርማታ ሊፈስስበት ይገባል። ይህን ለሹም መንገር ደስ አያሰኝም፤ ነገር ግን ከክረምቱ በኋላ ከሚመጣው ወቀሳ ይሻላል።

ያረፈውን ስንጥቅ መጠገን

ስንጥቁ ያረፈ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። ስንጥቁን እንዳለ ከላይ በሲሚንቶ መቀባት አይረባም፤ ቀለም ብቻ ነው። በመሮና በመዶሻ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይከፈታል፤ ከላይ ጠብቦ ከታች ትንሽ ሰፋ ቢል የሚገባበት ሲሚንቶ ይዞት ይቀራል። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ አቧራው በሙሉ ይወጣል። አቧራ የቀረበት ስንጥቅ ሲሚንቶ አይጨብጥም። ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን መሸፈን፥ ቦታውንም ትንሽ ውኃ እያርከፈከፈ መጥረብ አለበት። የድንጋይና የሲሚንቶ አቧራ ሳንባን ይጎዳልና።

ከጽዳቱ በኋላ የተከፈተው ስንጥቅ ሌሊቱን ውኃ ሲጠጣ ያድራል። ጠዋት የቆመው ውኃ ይጠረጋል፤ ውስጡ እርጥብ፥ ገጽታው ግን ውኃ የማይታይበት ሲሆን፥ ቀጭን የሲሚንቶ ሊጥ በብሩሽ ይቀባል። ሊጡ ሳይደርቅ አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ አሸዋ የተቀላቀለበት፥ ውኃው የበዛ ያልሆነ ቡኮ በማንኪያ እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ስንጥቁ ረጅም ከሆነ በየ30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትሩ አግድም እየተከፈተ አጫጭር ፌሮ ቢገባበት፥ ሁለቱን ወገን እንደ መርፌ ስፌት ያያይዘዋል።

አሸዋው ራሱ ሊመረመር ይገባል። ከወንዝ የሚመጣ አሸዋ ከክረምቱ ጎርፍ ጋር የወረደ ደለል ይቀላቀልበታል። በአንድ የብርጭቆ ዕቃ ግማሽ ድረስ አሸዋ ጨምሮ፥ ውኃ ሞልቶ፥ ደኅና አድርጎ አናውጦ ጥቂት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ከታች፥ ደለሉ ከላይ ተለይቶ ይቀመጣል። ደለሉ ከመቶ 6 ካለፈ አሸዋው ሳይታጠብ አይሠራበትም። ይህን ፈተና ማናቸውም ተማሪ በክፍሉ መስኮት ላይ ሊያደርገው ይችላል።

ጥገና ከሚጠገነው ነገር ጋር መስማማት እንዳለበት ከጎረቤታችን ከጎንደር ከተማ ልንማር እንችላለን። የፋሲል ግንብና ሌሎቹ የጎንደር ግንቦች በኖራ የተገነቡ ናቸው። በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በሲሚንቶና በአርማታ የተደረገው ጥገና ከጥንቱ ሥራ ጋር የማይስማማ ሆኖ በመገኘቱ፥ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራው ተመልሰዋል። የኛም ወለል እንደዚሁ ነው። ሲሚንቶ እጅግ የበዛበት ቡኮ ይበልጥ ይጠነክራል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ይበልጥ ይኰማተርና ከዳሩ ይላቀቃል።

ወለሉን ማስተካከል

ስንጥቁ ከተጠገነ በኋላ የሚመጣው ማስተካከል ነው። ዐይን ወለልን ሲያይ ይታለላል፤ ውኃ ግን አይታለልም። ጥርት ያለ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ውኃ ተሞልቶ በሁለቱ ጫፍ ሲያዝ፥ ውኃው በሁለቱም በኩል እኩል ይቆማል። በዚህ መሣሪያ ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በአራቱም ግድግዳ ዙሪያ መሥመር ይሠመራል። ከዚያ በክር እየተወጠረ በየአንድ ሜትሩ ከመሥመሩ እስከ ወለሉ ያለው ቁልቁለት ይለካና ቁጥሩ እዚያው ወለሉ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ከሁሉ ያነሰው ቁጥር የጉብታው፥ ከሁሉ የበለጠው የጎድጓዳው ነው። ወለሉ በዚህ ጊዜ እንደ ካርታ ይነበባል።

ለእንጨት ወለል፥ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ ሲጋደምበት ከሥሩ ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ባይኖር መልካም ነው። ጉብታው ጥቂት ከሆነ ጉብታውን መጥረብ፥ ሁሉን ቦታ ከመሙላት ይቀላል። ልዩነቱ ብዙ ከሆነ ግን በሙሉው ላይ አዲስ ልስን ማንጠፍ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ የሚፈጸም አንድ የተለመደ ጥፋት አለ፤ ይኸውም ልስኑን እንደ እንጀራ አሳስቶ ማንጠፍ ነው። በአሸዋና በሲሚንቶ የሚሠራ ልስን ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ እንደ ሆነ ይፈረፈራል። ከዚያ ላነሰ ውፍረት ራሱን በራሱ የሚያስተካክል፥ በከረጢት ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የፋብሪካ ዱቄት አለ፤ እርሱንም በፋብሪካው መመሪያ መሠረት መጠቀም እንጂ በግምት ውኃ መጨመር አይገባም።

ለልስኑ አሮጌው ወለል በመሮ ይቆረቆራል፤ የለሰለሰ ሊሾ አዲስ ልስን አይዝምና። ከዚያ ይታጠባል፤ ሌሊቱን ይርሳል፤ ጠዋት ቀጭኑ የሲሚንቶ ሊጥ ይቀባል፤ ሳይደርቅም አንድ እጅ ሲሚንቶ፥ ሦስት ወይም አራት እጅ አሸዋ የሆነው ቡኮ ይደለደላል። ቡኮው በእጅ ሲጨበጥ እንደ ኳስ የሚቆም፥ ውኃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። አስቀድሞ በልክ በተቀመጡ ሁለት መሥመሮች ላይ፥ ግንበኞች ስታጃ የሚሉት ቀጥ ያለ ረጅም ጣውላ እየተጎተተ ትርፉን ይጠርጋል። 6 ሜትር በ5 ሜትር ለሆነ ክፍል፥ በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ልስን፥ 50 ኪሎ የሚይዝ ከረጢት ሲሚንቶ ከ8 እስከ 9 ከረጢት ይበቃል። ይህን ስሌት ወጣቱ ሹም ቢያውቅ 20 ከረጢት ተብሎ የቀረበለትን ደረሰኝ «ይብራራልኝ» ለማለት ይችላል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ፀሐይና ነፋስ እንዳያገኘው መስኮቱ ይዘጋ፤ እርጥብ ጆንያ ወይም ላስቲክ ይልበስ፤ ለ7 ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆይ።

መድረቅ ከመጠንከር ይለያል

ከ7 ቀን በኋላ ወለሉ ሰው ይሸከማል፤ በ28 ቀንም ዋናውን ጥንካሬ ያገኛል። ብዙው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ወለሉ ጠነከረ ማለት ደረቀ ማለት አይደለምና። በመልካም አየር አዲስ ልስን በአንድ ቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይደርቃል፤ እንግዲህ ሦስቱ ሴንቲ ሜትር አንድ ወር ይፈልጋል። ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ መድረቁ ይዘገያልና፥ አዲስ የፈሰሰ የ10 ሴንቲ ሜትር አርማታ አምስት ወር ገደማ ያስጠብቃል። ይህ ግን በበጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ ራሱ ውኃ የተሸከመ ስለ ሆነ ወለሉ ውኃውን የሚሰጠው አያገኝም። በቡሄ ሰሞን ግድግዳው በሚያልብበት ደጋ፥ ወለል ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

መድረቁን ለማወቅ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ በወለሉ ላይ አንጥፎ አራቱንም ጠርዝ በሚጣበቅ ፕላስተር አሽጎ ለአንድ ቀንና ሌሊት መተው ነው። ሲገለጥ ከሥሩ ጤዛ ከታየ፥ ወይም ሲሚንቶው ጠቁሮ ከተገኘ ገና ነው። ይህ ፈተና እርጥበት መኖሩን ይነግራል እንጂ መጠኑን አይነግርም፤ ስለዚህ በክፍሉ በሦስትና በአራት ቦታ፥ በተለይም በተጠገነው ስንጥቅ ላይ፥ ደጋግሞ ማድረግ ይሻላል። አሮጌው ወለል ሲሠራ ከሥሩ ላስቲክ ካልተነጠፈለት ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር እርጥበት ስለሚነሣ፥ ከጣውላው በታች ወፍራም ላስቲክ በ20 ሴንቲ ሜትር እየተደራረበ መነጠፍ አለበት።

እንጨቱም ተራውን ይጠብቃል

በደቡብ ጎንደር ደጋ የተረፈው ጽድና ወይራ አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ተጠብቆ የሚገኝ ነውና ለወለል የሚታሰብ አይደለም። በየተራራው የሚታየው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ነው፤ ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። እርጥብ ሆኖ የተነጠፈ እንደ ሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ተሰንጥሮ፥ በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ፥ ከላይ ጭነት ተጭኖበት ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት። በቆየው የአናጢዎች ልማድ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጣውላ አንድ ዓመት ይሰጠዋል።

እንጨት በርዝመቱ አያድግም፥ አያጥርም ለማለት ይቻላል፤ በስፋቱ ግን በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይከሳል። ስለዚህ ጣውላው ሲነጠፍ በግድግዳው ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱንም በዞኮሎ መሸፈን ነው። ይህ ክፍተት ሳይተው የቀረ እንደ ሆነ፥ በበጋ የተነጠፈ ወለል በክረምት አብጦ መሄጃ ሲያጣ ከመካከል ይነሣል። ጣውላው በሞራሌ ላይ የሚመታ ከሆነ ሞራሌው በሙሉ ርዝመቱ ወለሉን ተደግፎ መቀመጥ አለበት። ከሥሩ ባዶ የቀረ ሞራሌ በእያንዳንዱ እርምጃ ይጮኻል።

የበጀት ዓመትና የወለል ዓመት

ከዚህ በላይ የዘረዘርነው ሁሉ አስቸጋሪ ጥበብ አይደለም። በደብረ ታቦር ገበያ የሚገኝ ግንበኛና አናጢ ሊሠራው ይችላል። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ዕውቀቱ ሳይሆን ጊዜው ነው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ገንዘቡ እንዳይመለስ በግንቦት መጨረሻ «ቶሎ ይሠራ» የሚል ትእዛዝ የወጣ እንደ ሆነ፥ ሲሚንቶው ሰኔ ላይ ይፈስሳል፤ ዝናሙ ይገባል፤ ወለሉ ሳይደርቅ ጣውላው ይመታል፤ ሒሳቡ በሰኔ 30 በወረቀት ላይ አምሮ ይዘጋል። በመስከረም ተማሪዎች ሲገቡ ግን ወለሉ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ሠርቶ ይቆያቸዋል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ነገር ግን ልብ ብለን ብንመለከተው የበጀቱ ዓመትና የወለሉ ዓመት ጠላቶች አይደሉም። በሐምሌና በነሐሴ ውኃው ከየት እንደሚመጣ በዐይን ይታያል፤ ያን ጊዜ ምርመራው ይደረግ፥ ስንጥቁም ይለካ። በመስከረም ዝናሙ ሲያባራ አሸንዳውና ቦዩ ይሠራ። በጥቅምትና በኅዳር ስንጥቁ ደግሞ ተለክቶ ማረፉ ሲረጋገጥ ይጠገን፥ ልስኑም ይነጠፍ። የሚያጠራጥር ከሆነ ግን የጥርን ልክ ሳያዩ አለመጀመር ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በጋው ያድርቀው፤ ጣውላውም በዚያው ጊዜ በጥላ ይድረቅ። በመጋቢትና በሚያዝያ ፈተናው ተደርጎ ጣውላው ይነጠፍ። በግንቦት ሒሳቡ ይወራረዳል፤ ሰኔ 30 ከመድረሱም በፊት ሥራው አልቆ ቁልፉ ይረከባል። የሚያስፈልገው ሐምሌ ላይ የሚነቃ ሹም ብቻ ነው።

ስለዚህ ነገ ወለል የምታሠሩ ወጣቶች ሆይ፥ የዕድሳት ወረቀት ሲቀርብላችሁ ከዋጋው በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ውኃው ከየት ይመጣል? ስንጥቁ አርፏል ወይ? ወለሉስ መድረቁን ማን፥ በየትኛው ቀን ፈተነው? ለሦስቱም የተጻፈ መልስ ሲኖር ብዕራችሁን አንሡ።